ሾክ ዌቭ የመታው ድንበር ለምን ይናጋል? ከአዳማ ለመጣ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሰላም መምህር። አዳማ የሜካኒካል ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከባድ ፈሳሽ ከላይ፣ ቀላል ፈሳሽ ከታች ሲሆን ድንበራቸው እንደሚናጋ ተምረናል። ከባዱ ከታች ከሆነ ግን ይረጋጋል። ሾክ ዌቭ ሲሆን ግን ከቀላሉ ወደ ከባዱም ቢያልፍ፣ ከከባዱ ወደ ቀላሉም ቢያልፍ ድንበሩ ይናጋል የሚል አነበብኩ። እንዴት ሊሆን ይችላል? ደግሞስ ለመመረቂያ ፕሮጀክት እዚሁ አዳማ፣ በእጃችን ባለ ነገር ማሳየት ይቻላል?»

ሰላም እህቴ። ያነበብሽው ትክክል ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ይናጋል። ፕሮጀክቱም ይቻላል፤ ያውም ሾክ ዌቭ ሳያስፈልግሽ። ወደዚያ እመጣለሁ።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ የስበት ኃይል ድንበሩን ያለማቋረጥ ይጎትታል፣ ሾክ ዌቭ ግን አንዴ መትቶ ያልፋል። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ክፍል ውስጥ የተማርሽው የራሌይና የቴይለር አለመረጋጋት ይባላል። ራሌይ በ1883፣ ቴይለር በ1950 ነው የሠሩት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ ላይ ስበት ሥራውን አያቆምም። ከባዱ ከላይ ከሆነ፣ ድንበሩ ላይ ያለችው ትንሽ ጉብታ ባደገች ቁጥር የሚገፋት ኃይልም አብሮ ያድጋል። ስለዚህ እድገቷ እየተባዛ ይሄዳል። ከባዱ ከታች ከሆነ ደግሞ ያው ስበት ጉብታዋን ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። በተመለሰችበት ፍጥነት አልፋ ትሄዳለች፣ እንደገና ትመለሳለች። ትወዛወዛለች እንጂ አታድግም።

አሁን ስበቱን እርሺው። ሾክ ዌቭ የጋዙ ግፊት፣ እፍግታ (ዴንሲቲ) እና ፍጥነት በቅጽበት የሚዘሉበት ግድግዳ ነው። ውፍረቱ የሚለካው በማይክሮሜትር ነው። ድንበሩን ሲያልፍ የሚወስድበት ጊዜ ከምንም አይቆጠርም። ካለፈ በኋላ የሚገፋም የሚመልስም ኃይል የለም። ታዲያ ጉብታው ለምን ያድጋል?

ሁለት ባጃጆች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። አንዱ ባዶ ነው፣ አንዱ ጤፍ ጭኗል። ሁለቱን በአንድ ዘንግ አያይዘሽ ከኋላ እኩል ግፊት ብትሰጫቸው ባዶው ይቀድማል፤ ዘንጉም መዞር ይጀምራል። የድንበሩ ተዳፋት ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ተዳፋቱ ላይ ቀላሉና ከባዱ ጋዝ ጎን ለጎን ናቸው። ሾክ ዌቩ ለሁለቱም ተመሳሳይ የግፊት ልዩነት ይዞ ይመጣል። ቀላሉ ይቀድማል፣ ከባዱ ይዘገያል። በመሃላቸው ሽክርክሪት ይወለዳል። የጉብታው ግራ ተዳፋት በአንድ አቅጣጫ፣ ቀኙ በተቃራኒው ይሽከረከራል። ጫፉ ላይ የግፊቱ አቅጣጫና የእፍግታው ለውጥ አቅጣጫ አንድ መስመር ላይ ስለሆኑ እዚያ ሽክርክሪት የለም። ድንበሩ ፍጹም ለጥ ያለ ቢሆን ኖሮ የትም ቦታ ሽክርክሪት አይኖርም ነበር፤ ድንበሩ እንዳለ ተገፍቶ ይሄድ ነበር።

«ቀላሉ ይቀድማል» የሚለውን ይዘሽ ሁለቱን አቅጣጫ ሞክሪ።

መጀመሪያ ሾኩ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂድ። ቀላሉ ጋዝ ወደ ከባዱ ያበጠበት ቦታ አለ። እዚያ ቀላሉ በግራና በቀኝ ካለው ከባድ ጎረቤቱ ይልቅ ወደፊት ይፈጥናል። ወደፊት ማለት ደግሞ ወደ ከባዱ ውስጥ ነው። ስለዚህ እብጠቱ ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ ያድጋል።

አሁን ሾኩ ከከባዱ ወደ ቀላሉ ይሂድ። ቀላሉ ወደ ከባዱ ያበጠበት ቦታ አሁን ወደ ኋላ፣ ሾኩ ወደመጣበት ነው የሚያመለክተው። ቀላሉ አሁንም ይቀድማል። ግን መቅደሙ እብጠቱን ያሳንሰዋል። ድንበሩ ለጥ ይላል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ «ለጥ አለ፣ ተረጋጋ» ይላሉ። ሽክርክሪቱ ግን ለጥ በማለቱ አይቆምም። የሚያቆመው ኃይል የለማ! እንቅስቃሴው ይቀጥላል፤ እብጠት የነበረው ስርጉድ፣ ስርጉድ የነበረው እብጠት ይሆናል። ከዚያ በኋላ እንደ መጀመሪያው ዓይነት ያድጋል። ምልክቱ ብቻ ተገለበጠ። በስበት ጊዜ ይሄ መወዛወዝ ይሆን ነበር፤ ምክንያቱም ስበት ከተገለበጠ በኋላም ይመልሰዋል። እዚህ መላሽ የለም። የጥያቄሽ መልስ ይሄው ነው።

ይህንን በስሌት ያሳየው ሮበርት ሪችትማየር ነው፣ በ1960። ቴይለር ስበት ባደረገበት ቦታ እሱ የቅጽበት ምት አስገባ። ውጤቱ በጣም ቀላል ሆኖ ወጣ። የጉብታው የእድገት ፍጥነት የአራት ነገሮች ብዜት ነው፦ የሞገድ ቁጥር (ሁለት ፓይ ለሞገዱ ርዝመት ሲካፈል)፣ የጉብታው ከፍታ፣ የአትውድ ቁጥር፣ እና ድንበሩ ከሾኩ ያገኘው ፍጥነት። የአትውድ ቁጥር የሁለቱ እፍግታ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ነው። ሾኩ ከከባድ ወደ ቀላል ሲሄድ ይህ ቁጥር ኔጌቲቭ ይሆናል፤ መገልበጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። በቀመሩ ውስጥ ጊዜ የለም። ማለትም ጉብታው በእኩል ፍጥነት ያድጋል እንጂ እንደ ራሌይና ቴይለሩ እየተባዛ አይሄድም። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ኢቭጌኒ ሜሽኮቭ በ1969 በሾክ ቲዩብ (ሾክ ዌቭ በሚፈጠርበት ረጅም ቱቦ) ሞክሮ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚናጋ አሳየ። ስሙም ሪችትማየር–ሜሽኮቭ ሆኖ ቀረ። የሜሽኮቭ ልኬት ከቀመሩ ዝቅ ያለ እንደነበር ልብ በይ። ሁለቱን ጋዞች የለየው በስስ ፊልም ነበር፤ የተቀደደው ፊልም ደግሞ እድገቱ ውስጥ እጁን ያስገባል። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ብዙ የደከሙት ፊልሙን ለማስወገድ ነው። ለምሳሌ ሁለቱን ጋዞች ከላይና ከታች እያስገቡ፣ በሚገናኙበት ቦታ በቀጭን ቀዳዳዎች እየለቀቁ ያለ ፊልም ድንበር ይፈጥራሉ።

ቁጥር ሳታዪ እንዳትሄጂ። አየር ውስጥ በማክ 1.2፣ ማለትም በድምፅ ፍጥነት 1.2 እጥፍ፣ የሚሄድ ሾክ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የሚባለውን ከባድ ጋዝ ሲመታ አስቢ። ይህ ጋዝ ከአየር አምስት ጊዜ ያህል ይከብዳል። የሾኩ ፍጥነት በሰከንድ 410 ሜትር ገደማ ነው። ካለፈ በኋላ ድንበሩ በሰከንድ ወደ 70 ሜትር ይሄዳል። የሞገዱ ርዝመት 6 ሴንቲ ሜትር፣ የጉብታው ከፍታ 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሾኩ ሲያልፍ ጉብታውን ራሱን ይጨፈልቀዋል፤ 2 የነበረው ወደ 1.7 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከተጨፈለቀ በኋላ ያለው የአትውድ ቁጥር 0.7 ነው። አራቱን አባዢ፦ በሰከንድ 8 ሜትር ከግማሽ ገደማ ታገኛለሽ። ይህ ማለት በአንድ ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ጉብታው ከ2 ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ስሌቱ ውስጥ የገባው ሾኩ ካለፈ በኋላ ያለው ከፍታና እፍግታ መሆኑን አትርሺ። ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሾኩ ከከባድ ወደ ቀላል ሲሄድ ደግሞ ከመመታቱ በፊትና በኋላ ያሉትን ከፍታዎች አማካይ መውሰድ የተሻለ ይገጥማል፤ ሜየርና ብሌዊት በ1972 ያሳዩት ይህንን ነው።

ቀጥታ መስመሩ ግን ለዘላለም አይዘልቅም። የጉብታው ከፍታ በሞገድ ቁጥሩ ሲባዛ አንድ አካባቢ ሲደርስ እድገቱ መቀዝቀዝ ይጀምራል። ቅርጹም ይለወጣል። ቀላሉ ወደ ከባዱ ሰፊ አረፋ ሆኖ ይገባል፣ ከባዱ ወደ ቀላሉ ቀጭን ሹል ሆኖ ይወጣል። የእፍግታው ልዩነት በሰፋ ቁጥር ሹሉ ይፈጥናል፣ አረፋው ይዘገያል። ከዚያ ሹሉ ጎንና ጎን ላይ ሁለቱ ጋዞች እየተፋተጉ ጫፉ ይጠቀለልና እንጉዳይ ይመስላል። ሾኩ ከቲዩቡ ጫፍ ነጥሮ ተመልሶ ድንበሩን ሁለተኛ ሲመታው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይተረማመሳል። ሁለተኛው ምት የሚያገኘው የተጠቀለለ፣ ሺህ ተዳፋት ያለው ድንበር ነው፤ እያንዳንዱ ተዳፋት አዲስ ሽክርክሪት ይወልዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ተርቡለንስ (ሥርዓት የለሽ የተመሰቃቀለ ፍሰት) ነው፣ የሚጠናውም በሲሙሌሽንና በአማካይ ልኬት ነው።

ይሄ ሁሉ ለማን ይጠቅማል ካልሽኝ፣ መጀመሪያ የማነሳልሽ የውህደት ኢነርጂን (ፊውዥንን) ነው። ካሊፎርኒያ ሊቨርሞር ውስጥ 192 ሌዘሮች 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስፋት ያላትን ክብ ካፕሱል ይጨምቃሉ። ውስጧ የሃይድሮጅን ዓይነቶች የሆኑት ዲውቴሪየምና ትሪቲየም አሉ። መጨመቁ የሚጀምረው በተከታታይ ሾክ ዌቮች ነው። ሾኮቹ ከካፕሱሏ ቅርፊት ወደ በረዶው ነዳጅ፣ ከበረዶው ወደ መሃሉ ጋዝ ያልፋሉ። እያንዳንዱ ድንበር ላይ ያለ ጭረት የጉብታ ዘር ነው። ሾኩ ዘሩን ይዘራል፤ በኋላ ቅርፊቱ ሲፈጥንና ሲገታ የራሌይና ቴይለሩ ያበዛዋል። የቅርፊቱ ቁራጭ እስከ መሃሉ ከዘለቀ ነዳጁ ይቀዘቅዛል። የካፕሱሏን ገጽ በናኖ ሜትር ደረጃ ማለስለስ ያስፈለገው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2022 እዚያው 2.05 ሜጋ ጁል የሌዘር ኢነርጂ አስገብተው 3.15 ሜጋ ጁል አወጡ። ከዚያ በፊት ከነበሩት ዓመታት ትግል አንዱ ክፍል ከእነዚህ መናጋቶች ጋር የተደረገ ነበር።

ሁለተኛው ሰማይ ላይ ነው። በ1987 የታየው ሱፐርኖቫ (የኮከብ ፍንዳታ)፣ 168,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የፈነዳው፣ ኮከብ ውስጥ ያሉት ድርብርብ ንጣፎች ሳይቀላቀሉ ይወጣሉ የሚለውን ሐሳብ ጣለው። ከኮከቡ እምብርት የተወለደው ራዲዮአክቲቭ ኮባልት ኤክስሬይ ከተጠበቀው ወራት ቀድሞ በዚያው ዓመት ታየ። ኮባልቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ተቀላቅሎ ካልወጣ በቀር እንዲህ ቶሎ ሊታይ አይችልም። የፍንዳታው ሾክ የኦክስጅኑን፣ የሂሊየሙንና የሃይድሮጅኑን ድንበሮች እያቋረጠ ሲወጣ የዘራው ጉብታ የዚያ መቀላቀል አንዱ መነሻ ነው።

አንቺ የሜካኒካል ተማሪ ስለሆንሽ ሦስተኛው ይበልጥ ይስብሽ ይሆናል። ብረትም እንዲህ ይናጋል። ገጹ ላይ ጥቃቅን ቦይ የተቆረጠበት መዳብ በውስጡ ሾክ አልፎ ወደ ነጻው ገጽ ሲደርስ፣ ከከባድ ወደ ባዶ ስለሆነ ቅርጹ ይገለበጣል፤ ከቦዮቹም ሹል ይወጣል። ፈሳሽ ቢሆን ሹሉ መውጣቱን አያቆምም ነበር። መዳብ ግን ጥንካሬ አለው፤ ጥንካሬው ሹሉን ይዞ ያስቆመዋል። የቆመበትን ርዝመት ለክተሽ የብረቱን ጥንካሬ ማስላት ይቻላል። ያውም ተራ የመጎተቻ ማሽን በማይደርስበት ፍጥነት ላይ ያለውን ጥንካሬ። እኔ ከዚህ ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ነው። ሲያስቸግር የኖረ ነገር መለኪያ ሆነ።

አሁን ወደ አዳማ። ሾክ ቲዩብ ለመሥራት አስበሽ ከሆነ አንድ ጥሩ ነገር ልንገርሽ። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከ80 በመቶ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ይሄ ልኬትሽን ያበላሸዋል ብለሽ አትስጊ። ሁለቱም ጋዞች እኩል ይሳሳሉ፣ የአትውድ ቁጥሩ ግን ሬሾ ስለሆነ አይነካም። የድምፅ ፍጥነትም በሙቀቱ እንጂ በግፊቱ አይወሰንም። ስለዚህ በአንድ ዓይነት የማክ ቁጥርና በአንድ ዓይነት ሙቀት አዳማ ላይ የምታገኚው እድገት ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚገኘው ጋር አንድ ነው። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድን ግን ተዪው። የአየር ንብረትን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የከፋ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ስለሚከብድ ይበቃል፤ የአትውድ ቁጥሩ 0.2 ነው። ችግሩ ካሜራው ነው። ሁሉም ነገር በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ያልቃል። በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ስልክ በአንድ ሚሊ ሰከንድ ውስጥ አንድ ምስል እንኳ አያደርስም።

ስለዚህ ለመመረቂያ የምመክርሽ የሚወድቅ ሳጥን ነው። ጄኮብስ የሚባለው ተመራማሪ ከሥራ ባልደረባው ጋር በ1996 ያወጣው ዘዴ ነው። የሚያስፈልገው ምት ብቻ ነው ብለናል፤ ምቱ ከሾክ መምጣቱ ግዴታ አይደለም። ሁለት ፈሳሽ የያዘ የተዘጋ ሳጥን ሞላ (ስፕሪንግ) ላይ ጥለሽ ስታነጥሪው ያው ምት ይደርሰዋል።

ሳጥኑን 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 25 ሴንቲ ሜትር ቁመት አድርጊው። ከመስታወት ሳይሆን ከፕላስቲክ መስታወት ይሁን፤ መስታወት ይሰበራል። ሐዲዱንና ፍሬሙን ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራልሻል። ሞላው ከመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል፤ የጅቡቲ መኪና ሁሉ በሚያልፍበት ከተማ ሞላ አይጠፋም። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 250 ግራም ጨው አሟሚበትና የምግብ ቀለም ጨምሪበት። እፍግታው 1.15 ይሆናል፤ ከንጹህ ውሃ ጋር የአትውድ ቁጥሩ 0.07 ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ይበቃል። መጀመሪያ ጨዋማውን እስከ ግማሽ ሙዪ። ከዚያ ስስ ስፖንጅ ላዩ ላይ አንሳፊና ንጹሁን ውሃ ስፖንጁ ላይ ጠብ ጠብ አድርጊው። ስፖንጁን ቀስ ብለሽ አውጪ። አየር እንዳይቀር እስከ ክዳኑ ሞልተሽ ዝጊ፤ የቀረች አንዲት አረፋ ሳጥኑ ሲነጥር ሁሉንም ትበጠብጣለች።

ጉብታውን ለመፍጠር ሳጥኑን በቀስታ ወደ ጎን አወዛውዢው። 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞገድ በ0.86 ሰከንድ አንድ ዙር ይጨርሳል። በዚያው የዙር ጊዜ ካወዛወዝሽው ሳጥኑ ውስጥ አንድ ተኩል ሞገድ ቆሞ ታያለሽ። ከፍታው 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ፣ ልክ ጫፉ ላይ ባለበት ቅጽበት ልቀቂው። ይሄ ዋናው ጥበብ ነው። ሳጥኑ ሲወድቅ ውስጡ ክብደት የለም። መላሽ ኃይል ስለሌለ ጉብታው ባለበት ይቆያል። ጫፉ ላይ ካልለቀቅሽው ግን የራሱን ፍጥነት ይዞ ይወድቅና ልኬትሽ ይዛባል።

ከ80 ሴንቲ ሜትር ጣዪው። ሞላው ላይ በሰከንድ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። 20 ሴንቲ ሜትር ቢነጥር በሰከንድ 2 ሜትር ወደ ላይ ተነሥቷል ማለት ነው። ጠቅላላው የፍጥነት ለውጥ 6 ሜትር በሰከንድ ነው። ነጥሮ እስኪመለስ 0.4 ሰከንድ አለሽ፤ በስልክሽ ከ90 በላይ ምስል። በቀመሩ የእድገቱ ፍጥነት በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። ምቱ ከከባዱ ወደ ቀላሉ፣ ከታች ወደ ላይ ስለሆነ የምትጠብቂው መገልበጡን ነው። ጉብታው መጀመሪያ ይሟሽሻል፣ ለጥ ይላል፣ ከዚያ በተቃራኒው ያድጋል። ከነጠረ ከ0.15 ሰከንድ ገደማ በኋላ መስመሩ መጉበጥ ይጀምራል። የአትውድ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ከላይና ከታች የሚወጡት እንጉዳዮች ተመሳሳይ ይሆናሉ።

በየምስሉ ከፍታውን ለክተሽ ከጊዜ ጋር በግራፍ አስቀምጪው። ከዚያ የመጣያውን ከፍታ እየቀያየርሽ ደግሚ፤ የመስመሩ ተዳፋት ከፍጥነት ለውጡ ጋር እኩል መጨመር አለበት። መስመሩ ሁልጊዜ ከቀመሩ ዝቅ ካለብሽ ድንበሩ ሟሙቶ ሰፍቷል ማለት ነው። ጨው ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሰርጋል፣ የሰፋ ድንበር ደግሞ ቀስ ብሎ ያድጋል። በሞላሽ በደቂቃዎች ውስጥ ጣዪው፣ አታሳድሪው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጊዜ ሳታወዛውዢ፣ ድንበሩ ለጥ ብሎ እያለ ጣዪው። ለጥ ያለ ድንበር ሲመታም ለጥ እንዳለ መቆየት አለበት። ጉብታ ካሳየሽ ሳጥኑ ዘሟል፣ ወይ ሐዲዱ ያንገጫግጫል፣ ወይ አየር ቀርቷል። እሱን ሳታስተካክዪ ወደ ልኬት አትግቢ።